ግልጽ ደብዳቤ፦ ውፍረትን የመከላከል ዘመቻ ከሻጮች እጅ ይውጣ

ይድረስ፦ ለጤና ሚኒስቴሮች፣ ለሕዝብ ጤና ተቋማት እንዲሁም የመንግሥትን የጤና ዘመቻ ለሚያቅዱና ለሚመሩ ኃላፊዎች ሁሉ

ጉዳዩ፦ ከመጠን ያለፈ ውፍረትን ለመከላከል በሚካሄዱ መንግሥታዊ ዘመቻዎች ውስጥ የምግብና የመጠጥ ኩባንያዎችን ተሳትፎ ይመለከታል

ክቡራንና ክቡራት፦

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በጤና ትምህርት ሙያ የተሰማራሁ ሰው እንደመሆኔ ነው። በግልጽ የምጽፈውም ከእናንተ አልፎ ዘመቻው የሚካሄድለት ሕዝብ እንዲያነበው ስለምፈልግ ነው። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ለውፍረት መስፋፋት ምክንያት ከሆኑ ምርቶች ትርፍ የሚያገኙ ኩባንያዎች፣ መንግሥት ይህንኑ ውፍረት ለመከላከል በሚያካሂደው ዘመቻ ውስጥ በገንዘብ ሰጪነትም ሆነ በአጋርነት ወይም በመልእክት አርቃቂነት ቦታ እንዳይሰጣቸው እጠይቃለሁ። ጥያቄዬ ለአንዳንዶቻችሁ የተጋነነ ሊመስል ይችላል። ኩባንያዎቹ ገንዘብ አላቸው፤ ሕዝቡ ዘንድ የሚደርሱበት ሰፊ መንገድም አላቸው፤ ብዙ ጊዜም ለመተባበር ፈቃደኞች መሆናቸውን በመልካም አንደበት ገልጸው ይመጣሉ። እንዲህ ብሎ የመጣን እንግዳ ከደጅ መመለስ ይከብዳል። ቢሆንም መመለስ ይገባል የምልበትን ምክንያት ከዚህ በታች አስረዳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ በ2022 በዓለም ላይ ከነበሩ 8 ሰዎች አንዱ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ነበረበት። ዕድሜያቸው 18 ከሞላቸው ሰዎች መካከል 2.5 ቢሊዮን የሚሆኑት ክብደታቸው ከሚገባው በላይ ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ 890 ሚሊዮኑ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ደረጃ ላይ የደረሱ ናቸው። ከ1990 ወዲህ ከመጠን ያለፈ ውፍረት በአዋቂዎች ዘንድ ከእጥፍ በላይ፣ በአፍላ ወጣቶች ዘንድ ደግሞ በአራት እጥፍ አድጓል። በእነዚህ ዓመታት የሰው ልጅ ተፈጥሮ አልተለወጠም፤ በየአገሩ ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ዘመን ሰነፍና ሆዳም ሆነ ብሎ በቁም ነገር የሚከራከርም የለም። የተለወጠው ለሰዎች የሚቀርበው የምግብ ዓይነት፣ የምግቡ ዋጋ፣ በየመደብሩ የሚቀመጥበት ቦታና ከልጅነት ጀምሮ የሚከተላቸው ማስታወቂያ ነው። የሥራና የኑሮ ሁኔታችን እንቅስቃሴ ማነሱም የራሱ ድርሻ አለው፤ እሱን አልክድም።

የምግቡ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ለማየት ግን፣ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የተሠራውንና በ2019 የታተመውን ጥናት ማንሳት ይበቃል። 20 ጎልማሶች ለአራት ሳምንታት በተቋሙ ውስጥ እንዲቀመጡ ተደረገ። ለሁለት ሳምንት እጅግ የተቀነባበረ የፋብሪካ ምግብ፣ ለሁለት ሳምንት ደግሞ እምብዛም ያልተቀነባበረ ምግብ ቀረበላቸው። በሁለቱም ጊዜ የቀረበላቸው ማዕድ በካሎሪ፣ በስኳር፣ በስብና በፋይበር መጠኑ እኩል እንዲሆን ተደርጎ ነበር፤ ያሻቸውን ያህል የመብላትም የመተውም ነጻነት ነበራቸው። የፋብሪካው ምግብ በቀረበላቸው ጊዜ በቀን በአማካይ 500 ካሎሪ ያህል ጨምረው በሉ፤ ክብደታቸውም በሁለት ሳምንት ውስጥ በ0.9 ኪሎ ግራም ገደማ ጨመረ። ሌላው ምግብ ሲቀርብላቸው ያንኑ ያህል ቀነሱ። ሰዎቹ ያው ነበሩ፤ የተለወጠው የቀረበላቸው ምግብ ነው።

እንግዲህ አንድ መንግሥት ውፍረትን ለመከላከል ዘመቻ ሲነሣ ስለዚህ ምግብ መናገር ይኖርበታል ማለት ነው። ወደ ዘመቻዎቹ ፖስተሮች ስንመለስ የምናገኘው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። ፈገግ ያሉ ልጆች ኳስ ይዘው ይሮጣሉ፤ ከላይ «ተንቀሳቀሱ» የሚል በትልቁ ተጽፏል፤ ዝቅ ብሎ «ሚዛናዊ አመጋገብ ይኑራችሁ» ይላል፤ ከግርጌው የሚኒስቴሩ ዓርማ የለስላሳ መጠጥ ወይም የብስኩት አምራች ከሆነ ድርጅት ዓርማ ጎን ተቀምጧል። በዚህ ፖስተር ላይ ሐሰት የሚባል ቃል የለም። ልጆች ቢሮጡ ይጠቅማቸዋል፤ ሚዛናዊ አመጋገብም መልካም ነው። ነገር ግን ስኳር የሚለው ቃል የለበትም፤ ለስላሳ መጠጥ የሚለውም የለበትም፤ የትኛውን ምግብ መቀነስ እንደሚገባ የሚናገር አንድም ዐረፍተ ነገር የለበትም። የእኔ ሥጋት ያለው እዚህ ላይ ነው። የኩባንያ ገንዘብ ዘመቻውን ውሸት አያናግረውም፤ ከእውነቱ ውስጥ የትኛው እንደሚነገርና የትኛው ሳይነገር እንደሚቀር የመምረጥ ዕድል ግን ይሰጠዋል። ሕዝቡ በፖስተሩ ላይ የተጻፈውን ያነባል እንጂ ከረቂቁ የወጣውን አያውቅም።

ረቂቅ መልእክት ሲታረም የተመለከተ ባለሙያ የምለውን ይረዳዋል። የመጀመሪያው ረቂቅ «ስኳር ያለባቸውን መጠጦች ትታችሁ ውሃ ጠጡ» ይላል። ከአጋሮች ጋር በሚደረገው ውይይት አንድ ሰው በትሕትና እጁን ያወጣና ዐረፍተ ነገሩ አንድን ዘርፍ ለይቶ የሚወቅስ እንዳይመስል ይጠይቃል። «ስኳር ያለባቸውን መጠጦች ቀንሱ» ይሆናል። በሚቀጥለው ስብሰባ ደግሞ ምንም ምግብ በራሱ ጎጂ አይደለም፣ ጎጂው መጠኑ ነው የሚል ሐሳብ ይነሣል፤ «የምትወስዱትን መጠን መጥኑ» የሚል ይተካል። ወደ ማተሚያ ቤት ሲላክ «በቂ ፈሳሽ ውሰዱ» ሆኖ ተገኝቷል። በየደረጃው የተደረገው ለውጥ ትንሽ ነው፤ ለእያንዳንዱም ምክንያት ተሰጥቶታል፤ ማንም ማንንም አላስፈራራም። መጨረሻ ላይ የወጣውን ዐረፍተ ነገር ግን ለስላሳ መጠጥ ሻጩ ራሱ በማስታወቂያው ላይ ሊጠቀምበት ይችላል።

ይህ በሐሳብ የተፈጠረ ሥጋት እንዳይመስላችሁ ብሪታንያ ያለፈችበትን መንገድ ልጥቀስ። በ2003 ካድበሪ የተባለው የቸኮሌት ኩባንያ፣ ተማሪዎች የቸኮሌት መጠቅለያ ሰብስበው ለትምህርት ቤታቸው የስፖርት ዕቃ የሚያገኙበትን ዘመቻ ሲጀምር የመንግሥቱ የስፖርት ሚኒስትር ደግፎት ነበር። የምግብ ኮሚሽን የተባለው ነጻ የተሟጋቾች ተቋም ሒሳቡን አስልቶ አወጣ። አንድ ትምህርት ቤት የመረብ ኳስ ምሰሶና መረብ ለማግኘት 5,440 ቸኮሌት መበላት ነበረበት፤ ይህም ከ33 ኪሎ ግራም በላይ ስብና ወደ 1.25 ሚሊዮን የሚጠጋ ካሎሪ ነው። ስለ ስፖርት ጥቅም የተነገረው ሁሉ ትክክል ነበር። ስፖርቱ የሚመጣበት መንገድ ግን በልጆች ሆድ በኩል የሚያልፍ ነበር፤ ከጎኑም የአንድ ሚኒስትር በጎ ቃል ቆሞለታል።

በጥር 2009 የብሪታንያ መንግሥት ቼንጅ ፎር ላይፍ የተሰኘውን ሰፊ ዘመቻ ከፈተ። መንግሥት ለሦስት ዓመት 75 ሚሊዮን ፓውንድ ሲመድብ፣ የኩባንያዎች ኅብረት ደግሞ በአገልግሎትና በማስተዋወቅ ሥራ 200 ሚሊዮን ፓውንድ የሚያወጣ ድጋፍ ለመስጠት ቃል ገባ፤ ከአጋሮቹ መካከል የለስላሳ መጠጥ አምራቹ ፔፕሲኮና የቁርስ እህል አምራቹ ኬሎግስ ይገኙበት ነበር። ላንሴት የተባለው ታዋቂ የሕክምና መጽሔት በዚያው ወር ተቃውሞውን በርእሰ አንቀጹ ጻፈ። በ2010 አዲስ የተሾመው የጤና ሚኒስትር አንድሩ ላንስሊ የመንግሥትን ወጪ ቀንሶ ኩባንያዎቹ የበለጠ እንዲከፍሉ ሲጠይቅ፣ በምላሹ መንግሥት ከአስገዳጅ ደንብ ይልቅ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ አሠራርን እንደሚመርጥ አሳወቀ። ይህን ውል በጥሞና እንድትመለከቱት እለምናችኋለሁ። ኩባንያዎቹ ለፖስተር ገንዘብ ከፈሉ፤ መንግሥት ደግሞ ሕግ ከማውጣት ታቀበ። በማስታወቂያ በጀታቸው ላይ እምብዛም በማይታወቅ ወጪ ከሁሉ አብልጠው የሚፈሩትን ነገር አዘገዩት። በመጋቢት 2011 ይኸው አስተሳሰብ የኃላፊነት ስምምነት በሚል ስም ወደ ፖሊሲነት ከፍ አለ፤ ፖሊሲውን ለመቅረጽ ከተጠሩት መካከልም ማክዶናልድስ፣ ፔፕሲኮ፣ ኬሎግስ፣ ዩኒሊቨርና ማርስ ነበሩ። የለንደን የንጽሕናና የሐሩራማ አካባቢ ሕክምና ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች ኋላ ስምምነቱን ሲገመግሙ፣ ኩባንያዎቹ ቃል ከገቧቸው ተግባራት አብዛኞቹ ስምምነቱ ባይኖርም ሊሠሩ የታቀዱ ወይም ቀድሞ የተጀመሩ ሆነው አገኟቸው።

በቻይና የሆነው ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ሊያሳስባችሁ የሚገባ ነው። ኢልሲ በሚል ምሕጻር የሚታወቀው፣ በ1978 በአንድ የኮካ ኮላ ከፍተኛ ኃላፊ የተመሠረተውና በምግብ ኩባንያዎች ገንዘብ የሚተዳደረው ዓለም አቀፍ ተቋም፣ የቻይና ቅርንጫፉን ቢሮ በአገሪቱ የበሽታ መከላከያና መቆጣጠሪያ ማዕከል ሕንጻ ውስጥ አድርጎ ይሠራ ነበር። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲዋ ተመራማሪ ሱዛን ግሪንሀልግ በ2019 ባሳተመችው ጥናት፣ ይህ ቅርበት የቻይናን የውፍረት መከላከያ ሥራ ከአመጋገብ አርቆ ወደ አካላዊ እንቅስቃሴ እንዳዘነበለው በዝርዝር አሳይታለች። መንግሥቱን ማንም በአዋጅ አላዘዘውም፤ ጉባኤዎቹን የሚያዘጋጀው፣ ባለሙያዎቹን የሚጋብዘው፣ ጥናቱን የሚያቀርበው አካል አንድ ኮሪደር ላይ ይገኝ ነበር።

አካላዊ እንቅስቃሴ እንዲህ የሚወደደው ለምን እንደሆነ መረዳት አይከብድም። በ2015 ኒውዮርክ ታይምስ እንዳጋለጠው፣ ዓለም አቀፍ የኃይል ሚዛን ኔትወርክ የተሰኘው የሳይንቲስቶች ስብስብ ሲቋቋም ኮካ ኮላ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቶታል። የስብስቡ መልእክት ሰዎች ስለሚበሉትና ስለሚጠጡት ከመጠን በላይ ይጨነቃሉ፣ ትኩረቱ ስለ እንቅስቃሴ መሆን አለበት የሚል ነበር። ድረ ገጹ ሳይቀር የተመዘገበው በኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ስም ነበር። ጉዳዩ ሲታወቅ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የተቀበለውን 1 ሚሊዮን ዶላር መለሰ፤ ስብስቡም በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ፈረሰ። ኩባንያው ከ2010 ወዲህ ለጤና ምርምርና ለጤና አጋርነቶች 118.6 ሚሊዮን ዶላር ማውጣቱን በዚያን ጊዜ ራሱ ይፋ አድርጓል። ያ ሁሉ ገንዘብ ከሒሳቡ ጋር ሲተያይ ትርጉም ያገኛል፦ አንድ የ330 ሚሊ ሊትር ኮላ 35 ግራም ያህል ስኳር ይይዛል፤ ይህን ለማቃጠል አንድ ጎልማሳ ግማሽ ሰዓት ገደማ ፈጠን ብሎ መራመድ አለበት፤ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ለተሻለ ጤና በቀን ከ25 ግራም ያነሰ ስኳር ይመክራል። መጠጡን የሚጠጡት በደቂቃዎች ውስጥ ነው። «ተንቀሳቀሱ» የሚለው ምክር ለልብ፣ ለአጥንት፣ ለአእምሮም ይጠቅማል፤ እኔም ዘወትር የምመክረው ነው። ከውፍረት ለመከላከል ብቻውን ሲቀርብ ግን ሰዎችን ሊያሸንፉት በማይችሉት ውድድር ውስጥ ያስገባቸዋል።

በዚህም ላይ ሌላ ጉዳት ይከተላል፤ ስለዚህኛው በቂ ሲነገር አልሰማም። ዘመቻው ስለ ምግቡና ስለ ሻጩ ዝም ብሎ ስለ ሰውየው ብቻ ሲናገር፣ የሚቀረው ትርጉም ጥፋቱ የሰውየው ነው የሚል ነው። ወፍራም ልጅ ፖስተሩን አንብቦ ሰነፍ መሆኑን ይማራል፤ የክፍል ጓደኞቹም ያንኑ ይማራሉ። እናቱ ባለሙያ ፊት ስትቀርብ አንገቷን ደፍታ ነው። ይህ ኀፍረት ሰዎችን ከጤና ተቋም ያርቃቸዋል እንጂ አያከሳቸውም። በሌላ ወገን ደግሞ ምርቱን የሸጠው ድርጅት ከዚያው ፖስተር የጤና ወዳጅ የሚል ስም ይዞ ይወጣል። የመንግሥት ዓርማ ከእሱ ዓርማ ጎን ሲቀመጥ ለኩባንያው የሚሰጠው አመኔታ በየትኛውም የማስታወቂያ ዋጋ አይገኝም፤ እናንተ ግን በነጻ ሰጣችሁት።

ከእናንተ ዘንድ የሚነሡትን መከራከሪያዎች አውቃለሁ፤ ሁሉንም አልንቃቸውም። የመጀመሪያው በጀት ነው። ለሕዝብ ጤና ትምህርት የሚመደበው ገንዘብ በብዙ አገር ትንሽ ነው፤ ችግር ሲመጣም ቀድሞ የሚቀነሰው እሱ ነው። በዚህ ችግር ውስጥ ያለ ኃላፊ የቀረበለትን ድጋፍ ሲቀበል በክፉ ዓይን አላየውም። ነገር ግን ገንዘብ ይዞ የሚመጣው ውለታ አለ፤ ውለታ ደግሞ ይሉኝታ ያስከትላል። ባለፈው ዓመት ዘመቻችሁን በገንዘብ የደገፈ ድርጅት ላይ ዘንድሮ ግብር ለመጣል ረቂቅ ማዘጋጀት፣ ወይም በምርቱ ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍ ማዘዝ ለሰው ልጅ ይከብዳል። በመግባቢያ ሰነዱ ላይ አንድም ቅድመ ሁኔታ ባይጻፍ እንኳ አፍ ማስያዣነቱ አይቀርም። በአሜሪካ የተሠራ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ ከ2011 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት ኮካ ኮላና ፔፕሲኮ ከ90 በላይ ብሔራዊ የጤና ድርጅቶችንና ተቋማትን ስፖንሰር ሲያደርጉ፣ በዚያው ጊዜ ለስላሳ መጠጥን ለመቀነስ የታሰቡ ረቂቅ ሕጎችን በመቃወም የማግባባት ሥራ ይሠሩ ነበር። ሁለት ወዶ አይሆንም፤ ኩባንያዎቹ ግን ሁለቱንም ይዘው ሲሄዱ ያስቆማቸው አልነበረም።

ሁለተኛው መከራከሪያ ሳይንሱን ይመለከታል፤ ኩባንያዎቹ የራሳቸው ተመራማሪዎች ስላሏቸው ዕውቀታቸው ይጠቅማል የሚል ነው። በ2013 የታተመ አንድ ግምገማ ስለ ስኳራማ መጠጦችና ስለ ክብደት መጨመር የተጻፉ የጥናት ዳሰሳዎችን መረመረ። ከምግብ ኢንዱስትሪ ጋር የጥቅም ግንኙነት ካላቸው 6 መደምደሚያዎች 5ቱ በመጠጦቹና በክብደት መጨመር መካከል ግንኙነት አለ ለማለት በቂ ማስረጃ የለም አሉ። ግንኙነት ከሌላቸው 12 መደምደሚያዎች ደግሞ 10ሩ ግንኙነቱ አለ አሉ። ሁሉም የመረመሩት ጥያቄ አንድ ነበር። በ2003 የዓለም ጤና ድርጅት ስኳር ከዕለታዊው የኃይል ፍጆታ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ የሚመክር ሪፖርት ሊያወጣ ሲል፣ የአሜሪካ የስኳር ማኅበር አገሪቱ ለድርጅቱ የምትሰጠው ገንዘብ እንዲቋረጥ ኮንግረሱን እንደሚጠይቅ ለዋና ዳይሬክተሯ በደብዳቤ ዝቷል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ስለ ስኳር ጉዳት ለሕዝብ ምን እንደሚነገር እነሱን ማማከር ተገቢ አይመስለኝም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው መከራከሪያ ምርቶቹን የሚያመርቱት እነሱ ስለሆኑ ያለ እነሱ ፈቃድ ስኳሩን መቀነስ አይቻልም የሚል ነው። በዚህ ላይ የሚፈርድ ጥሩ ማስረጃ አለን፤ ይኸውም ከዚያችው ከብሪታንያ የተገኘ ነው። መንግሥቱ ከ2015 እስከ 2020 ባሉት ዓመታት ሁለት መንገዶችን ጎን ለጎን ሞከረ። ለብስኩት፣ ለኬክ፣ ለጣፋጭና ለመሳሰሉት ኩባንያዎቹ በፈቃዳቸው ስኳሩን በ20 በመቶ እንዲቀንሱ ግብ አስቀመጠ፤ የተገኘው ቅናሽ 3.5 በመቶ ብቻ ሆነ። ለለስላሳ መጠጦች ግን በመጋቢት 2016 ቀረጥ አወጀ፤ በ100 ሚሊ ሊትር 8 ግራምና ከዚያ በላይ ስኳር ያለበት መጠጥ በሊትር 24 ፔንስ፣ ከ5 እስከ 8 ግራም ያለበት 18 ፔንስ እንዲከፍል፣ ከ5 ግራም በታች ያለበት ደግሞ ምንም እንዳይከፍል አደረገ። ሕጉ በሥራ ላይ የዋለው በሚያዝያ 2018 ሲሆን፣ ብዙ አምራቾች ቀኑ ሳይደርስ የመጠጣቸውን ቅመም ለወጡ። በ2020 ቀረጡ በሚመለከታቸው መጠጦች ውስጥ የነበረው አማካይ ስኳር በ46 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። አገሩ አንድ ነው፤ ዘመኑም አንድ ነው፤ ኩባንያዎቹም በከፊል ያው ናቸው። ስኳሩን መቀነስ ይችሉ ነበር ማለት ነው፤ የጎደለው እንዲቀንሱ የሚያስገድዳቸው ሕግ ነበር።

በፈቃደኝነት የሚሠራ ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው አልልም። በዚያው አገር የምግብ ደረጃዎች ኤጀንሲ ጨውን ለማስቀነስ ከ2003 ጀምሮ የሠራው ሥራ አስገዳጅ አልነበረም፤ ቢሆንም የአዋቂዎች የቀን የጨው ፍጆታ በ2001 ከነበረበት 9.5 ግራም በ2011 ወደ 8.1 ግራም ወርዷል። ልዩነቱ ያለው በአሠራሩ ላይ ነው። ለየምግብ ዓይነቱ የጨውን መጠን የወሰነው ኤጀንሲው ነበር፤ ልኬቱንም የሚያካሂደው እሱው ነበር። ኩባንያዎቹ የተጠሩት የተወሰነውን ግብ እንዴት እንደሚደርሱበት እንዲናገሩ እንጂ ግቡን እንዲያስቀምጡ አልነበረም። የጨው ሥራ በ2011 ወደ ኃላፊነት ስምምነቱ ከተዛወረ በኋላ ግስጋሴው ተቀዛቀዘ።

ሌሎች አገሮች ያደረጉትም ይታወቃል። ሜክሲኮ በጥር 2014 በስኳራማ መጠጥ ላይ በሊትር 1 ፔሶ ግብር ጣለች፤ ግዢው በመጀመሪያው ዓመት በ5.5 በመቶ፣ በሁለተኛው በ9.7 በመቶ ቀነሰ። ቺሊ በሰኔ 2016 ስኳር፣ ጨው፣ ስብ ወይም ካሎሪ በበዛባቸው ምግቦች ላይ ጥቁር ባለ ስምንት ጎን ማስጠንቀቂያ እንዲታተም አስገደደች፤ ልጆችን የሚያማልሉ የካርቱን ምስሎችንም ከማሸጊያው ላይ አስነሣች፤ በዓመት ተኩል ገደማ ውስጥ የስኳራማ መጠጥ ግዢ ወደ 24 በመቶ ዝቅ ብሏል። እነዚህን ሕጎች ኢንዱስትሪው በብርቱ ተቃውሟቸዋል። ያ ተቃውሞ ብቻውን ለእኔ በቂ ምስክር ነው። ኩባንያዎች በደስታ የሚደግፉት ዘመቻ ሽያጫቸውን የማይነካ ነው፤ ሽያጫቸውን የማይነካ ዘመቻ ደግሞ የሰዎችንም ወገብ አይነካም።

ምግብ ትምባሆ አይደለም የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው፤ ሰው ሳያጨስ ይኖራል፣ ሳይበላ ግን አይኖርም። የዓለም የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት በአንቀጽ 5.3 የጤና ፖሊሲን ከትምባሆ ኢንዱስትሪ ጥቅም እንድትጠብቁ ያስገድዳችኋል፤ ለምግብ እንዲህ ያለ ስምምነት የለም። አትክልት የሚያመርተውንና ለስላሳ መጠጥ የሚሸጠውን በአንድ ዓይን እዩ አልልም። ሆኖም ስኳር ያለበት መጠጥ ለማንም አስፈላጊ ምግብ አይደለም፤ ሻጮቹም የሚጠቀሙበት ዘዴ ትምባሆ ሻጮች ከተጠቀሙበት ብዙም አይለይም። የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር የነበሩት ማርጋሬት ቻን በ2013 በፊንላንዷ ሄልሲንኪ በተካሄደ ዓለም አቀፍ የጤና ጉባኤ ላይ ይህንኑ በግልጽ ተናግረዋል፤ የሕዝብ ጤና የሚታገለው ከትምባሆ ኢንዱስትሪ ጋር ብቻ ሳይሆን ከታላላቆቹ የምግብ፣ የለስላሳና የአልኮል ኩባንያዎች ጋርም እንደሆነ አስጠንቅቀዋል። ያን ያሉት በእናንተው ጉባኤ፣ በእናንተው ፊት ነበር።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህ ነው። የውፍረት መከላከያ ዘመቻችሁን ትንሽም ቢሆን ከመንግሥት በጀት አካሂዱት፤ በስኳራማ መጠጥ ላይ ግብር የጣላችሁ እንደሆነ ከገቢው ለዚሁ መድቡ። ስኳር፣ ጨውና ስብ የበዛባቸውን ምርቶች ከሚሸጥ ድርጅት ገንዘብ፣ ዕቃ፣ የማስታወቂያ ሰዓትም ሆነ ባለሙያ አትቀበሉ፤ በዘመቻው ሰነድም ሆነ በፖስተሩ ላይ ዓርማቸው ከዓርማችሁ ጎን አይቀመጥ። መልእክቱን የሚያረቅቁት ከእነሱ ጋር የጥቅም ግንኙነት እንደሌላቸው በጽሑፍ ያረጋገጡ ባለሙያዎች ይሁኑ። ኩባንያዎቹን ማነጋገር አይከለከል፤ የምትነጋገሩት ግን ያወጣችሁትን ግብ እንዴትና መቼ እንደሚፈጽሙ ይሁን፤ ቃለ ጉባኤውም ለሕዝብ ይገለጽ። እስከ ዛሬ የፈረማችኋቸው የመግባቢያ ሰነዶች ካሉ የሚቀጥለው ዘመቻ ከመከፈቱ በፊት ከነሙሉ ይዘታቸው ይፋ አድርጓቸው፤ የተቀበላችሁትን የገንዘብ መጠን፣ መልእክቱን አስቀድሞ የማየት መብት ለማን እንደተሰጠ፣ ከረቂቁ ውስጥም በማን ጥያቄ ምን እንደወጣ ሕዝቡ ይወቅ።

መልሳችሁን እንደዚህ ደብዳቤ በግልጽ እንድትሰጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በጤና ትምህርት ሙያ የተሰማራ ዜጋ